ለደንበኞቻችን፦ የጥርስ ራጃችሁ ስለ ሳይነስ ለምን ያወራል?

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ለላይኛው መንጋጋ ጥርሱ የስሪዲ (ባለ ሦስት አቅጣጫ) ራጅ የተነሣ ሰው ውጤቱ ላይ «ሳይነስ» የሚል ሲያነብ ይደነግጣል። «እኔ የመጣሁት ለጥርሴ ነው፤ ሳይነስ ምን አገባው?» ብላችሁ ትደውሉልናላችሁ። ያገባዋል።

ከዓይን በታች፣ ከጉንጭ ጀርባ፣ ግራና ቀኝ አየር የሞላው ባዶ ቦታ አለ፤ ሳይነስ የምንለው ይህንን ነው። አዋቂ ሰው ላይ አንዱ የሾርባ ማንኪያ ያህል ይይዛል። ወለሉ ከላይኞቹ የመንጋጋ ጥርሶች ስር በላይ ነው። አንዳንድ ሰው ላይ በመካከላቸው ያለው አጥንት አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ማፍሰሻው ደግሞ ወለሉ ላይ ሳይሆን ከፍ ብሎ ወደ አፍንጫ ስለሚከፈት፣ የተጠራቀመ ነገር በቀላሉ አይወጣም።

የጥርስ ስር ሲመግል ጣጣው ወደ ላይ የሚሻገረው ለዚህ ነው። ሰው ግን ብርዱንና አቧራውን ያማል። መንገዱ ሁሉ በሚቆፈርበት ሰሞን ማን ይፈርድበታል! ሆኖም ሕመሙ በአንድ ወገን ብቻ ከሆነና ንፍጡ መጥፎ ሽታ ካለው ጥርስን መጠርጠር ያሻል። ጥርሱ ካልታከመ መድኃኒት ቢደጋገምም ተመልሶ ይመጣል።

ተራው ራጅ አጥንቱን ደራርቦ ስለሚያሳይ የትኛው ስር ወለሉን እንደነካ መለየት ያስቸግራል። ስሪዲው ግን በየአቅጣጫው ቆራርጦ ያሳያል። አጥንቱ ስንት ሚሊ ሜትር እንደቀረም ይለካል። ጥርስ ከተነቀለ በኋላ የሳይነሱ ወለል ወደ ታች ሊወርድ ስለሚችል፣ ኢምፕላንት (አጥንት ውስጥ የሚተከል ሰው ሠራሽ ጥርስ) ለምታስቡ ይህ ልኬት ወሳኝ ነው።

አሁን ወደ ድንጋጤው። ወለሉ ላይ ጉብ ብሎ የሚታይ ክብ ነገር ብዙ ጊዜ ፈሳሽ የያዘ ከረጢት ነው፤ ካላስቸገረ አይነካም። ሳይነሱን የሚከፍል የአጥንት ግድግዳም በሽታ ሳይሆን አፈጣጠር ነው። ሐኪሙ ግን ማወቅ አለበት፤ ለኢምፕላንት የሳይነሱን የውስጥ ሽፋን ሲያነሣ እዚያ ጋ ሊቀደድበት ይችላል። የሽፋኑ ትንሽ መወፈር ምንም የማያመው ሰው ላይም ይታያል።

የማንዘለው ሌላ ነው፦ አንድ ወገን ሙሉ በሙሉ ተደፍኖ፣ ግድግዳው ተበልቶ ሲታይ። የእኛ ማሽን አጥንት ላይ ጎበዝ ነው፤ ለስላሳውን አካል ግን አይለይም። ጥላው መግል ይሁን ዕጢ በዚህ ራጅ ብቻ አይታወቅም። ያኔ ሳትዘገዩ አንገት በላይ ሐኪም ጋ ሂዱ።

«ራሴን ስላመመኝ ሳይነሴን አንሱልኝ» ብላችሁ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ስትመጡ የምንመልሳችሁ ገበያ ጠልተን አይደለም። ጨረሩ አብዛኛውን ጊዜ ከሆስፒታል ሲቲ ስካን ቢያንስም ከተራው የጥርስ ራጅ ይበልጣል። እርጉዝ ከሆናችሁ ወይም ከተጠራጠራችሁ ከመነሣታችሁ በፊት ንገሩን። የድሮ ራጅ ካላችሁም ይዛችሁ ኑ፤ አንዳንዴ አዲስ መነሣት ሳያስፈልግ ይቀራል።

ከአክብሮት ጋር፣
የጥርስ ራጅ ክፍላችን ባልደረቦች
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ