ኮራሉ በየትኛው መብራት ሥር ተነሣ?

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ይህ ደብዳቤ ለአብዛኞቹ አንባቢዎቻችሁ እንግዳ የሆነ ጉዳይ ይዞ እንደሚመጣ አውቃለሁ። በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያው ከምንኖር ኢትዮጵያውያን መካከል ቤታችን ውስጥ የጨው ውኃ ገንዳ አቁመን ኮራል የምናሳድግ ጥቂቶች ነን፤ ጥቂት ብንሆንም እርስ በርሳችን እንገዛለን፣ እንሸጣለን፣ እንለዋወጣለን። ሰሞኑን በመካከላችን ቅሬታ የበዛው በፎቶ ምክንያት ነው። ገዥው በስልኩ አይቶ የከፈለበትን ቀለም ቤቱ ወስዶ ሲያጣው ሻጩን አጭበርባሪ ይለዋል፤ ሻጩ ደግሞ ፎቶውን በምንም እንዳልነካካው ይምላል። እኔ በገዥነትም በሻጭነትም ቦታ ቆሜ ስላየሁት፣ ብዙ ጊዜ ሁለቱም እውነታቸውን እንደሚናገሩ ለመመስከር እችላለሁ።

ነገሩን ለማያውቁት ባጭሩ ላስረዳ። ኮራል ተክል ወይም ድንጋይ ቢመስልም እንስሳ ነው። ፖሊፕ የሚባሉ ጥቃቅን አካላት ተሰባስበው የሚኖሩበት ሲሆን፣ ድንጋያማዎቹ ዝርያዎች ከሥራቸው የኖራ አፅም ይሠራሉ፤ በሥጋቸው ውስጥ ደግሞ ከብርሃን ምግብ እየሠሩ የሚያካፍሏቸው፣ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ይኖራሉ። ከአደገ ኮራል የጣት ጫፍ የምታህል ቁራጭ ተቆርጣ በትንሽ የሴራሚክ መቆሚያ ላይ በሙጫ ብትጣበቅ ራሷን ችላ ታድጋለች። ይህችን ቁራጭ ፍራግ እንላታለን፤ የምንሸጠውም የምንገዛውም እርሷን ነው። ዋጋዋ ከ20 ዶላር ጀምሮ እስከ ብዙ መቶ ዶላር ሊደርስ ይችላል፤ ዋጋውን ከፍ የሚያደርገው ደግሞ ከሁሉ በፊት ቀለሟ ነው።

ክርክሩም የሚነሣው ከቀለሙ ነው። የባሕር ውኃ ቀዩን ብርሃን ቶሎ ስለሚውጠው ወደ ጥልቁ የሚዘልቀው በአመዛኙ ሰማያዊው ነው፤ በዚህም ምክንያት የገንዳዎቻችን የኤልኢዲ መብራቶች ወደ ሰማያዊ ያደሉ ናቸው። ብዙ ኮራሎች በሥጋቸው ውስጥ ይህን ሰማያዊ ብርሃን ተቀብለው አረንጓዴ፣ ብርቱካናማ ወይም ቀይ አድርገው የሚመልሱ ፕሮቲኖች አሏቸው። የዚህ ዓይነቱን አረንጓዴ ፕሮቲን በመጀመሪያ ከአንድ የጄሊፊሽ ዝርያ ለይተው ያወጡት ጃፓናዊው ኦሳሙ ሺሞሙራ ሲሆኑ፣ ጊዜው እ.ኤ.አ. 1962 ነበር፤ በ2008 ከሁለት ሌሎች ሳይንቲስቶች ጋር የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት የተካፈሉትም በዚሁ ፕሮቲን ምክንያት ነው። ቀዩ ፕሮቲን በ1999 ይፋ የሆነው ከዲስኮሶማ ነው፤ ዲስኮሶማ ማለት እኛ በየገንዳችን ጥግ እንደ አረም የሚበዛብን፣ እኔ በ10 ዶላር ሰጥቼ የተገላገልሁት ዓይነት የኮራል ዘመድ ነው።

ስለዚህ አንዱ ኮራል በሰማያዊ መብራት ሥር እንደ ፍም ሲግል፣ በነጭ መብራት ወይም በመስኮት በሚገባ የቀን ብርሃን ጥቂት አረንጓዴ የነካው ቡናማ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ሁለቱም የራሱ መልኮች ናቸው። በሰማያዊ መብራት የተነሣ ፎቶ ሁሉ ውሸት ነው የሚሉትን ወንድሞች የማልከተላቸው ለዚህ ነው፤ ገዥው ማታ ማታ ከሥራ ገብቶ ቡናውን ይዞ ገንዳው ፊት ሲቀመጥ የሚያየው እርሱኑ ሰማያዊውን መልክ ነውና። እኔ ጥፋት የምለው ፎቶው በምን መብራት እንደተነሣ ሳይነገር ሲቀር፣ ሌላውም መልክ ሳይታይ ሲቀር ነው።

እናቴ ሽሮ ሜዳ ወርዳ የጥበብ ቀሚስ ስትገዛ በሱቁ አምፖል ሥር ባየችው ቀለም ተስማምታ አታውቅም። ልብሱን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ደጅ ትወጣና ፀሐይ ላይ ትዘረጋዋለች፤ ከዚያ በኋላ ነው ዋጋ የሚጀመረው። ባለሱቁም አይቀየማትም ነበር፤ እንዲያውም አንዳንዱ ራሱ ቀድሞ ያወጣላታል። የእኛ ገዥ ግን ልብሱን ወደ ደጅ የሚያወጣበት እጅ የለውም። ያለው ሻጩ የላከለት ፎቶ ብቻ ስለሆነ፣ ወደ ደጅ የማውጣቱ ግዴታ በሻጩ ላይ ይወድቃል።

የስልክ ካሜራ ነገሩን የበለጠ ያወሳስበዋል። ስልኩ ነጩን ነገር ነጭ አድርጎ ለማሳየት በራሱ የሚያደርገው ማስተካከያ የታሰበው ለቤት አምፖል፣ ለፀሐይና ለጥላ እንጂ ለእኛ ገንዳ አይደለም። ከሰማያዊው መብራት ፊት ሲቆም ይሸነፋል፤ ፎቶው በሙሉ ሰማያዊ ይጥለቀለቅና የኮራሉ ቡናማ ቦታ፣ የተላጠው ጠርዝ፣ ሥጋው የሸሸበት አፅም ሁሉ በአንድ ቀለም ይሸፈናል። ዓይናችን ግን መብራቱን ስለሚለምደው ያን ያህል ሰማያዊ አያይም። ምንም ያልተነካካ ፎቶ እውነተኛ ፎቶ ነው የሚለው መሐላ የማያሳምነኝ በዚህ ምክንያት ነው።

መፍትሔ ተብሎ የመጣው በስልኩ ካሜራ ላይ የሚደረገው ብርቱካናማ ማጣሪያ ነው። ማጣሪያው ሰማያዊውን ብርሃን ከልክሎ ከኮራሉ የሚወጣውን አረንጓዴና ቀይ ያሳልፋል። ሳሳ ያለ ከሆነ ፎቶውን ዓይን ወደሚያየው ያቀርበዋል፤ ወፈር ያለ ከሆነ ግን የፕሮቲኑን ድምቀት ብቻ አስቀርቶ ሌላውን ስለሚያጠፋው፣ በጨለማ የተቀመጠ ፍም የመሰለ፣ ማንም ሰው ገንዳው ፊት ቆሞ ሊያየው የማይችል ነገር ይሠራል። አንዱ ማጣሪያ እንደ ውፍረቱና እንደ መብራቱ እርማትም ማሳሳቻም ይሆናል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ጣት በስልኩ ላይ ወዳለው የቀለም ማድመቂያ ይሄዳል፤ ትንሽ ብቻ ይባላል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ ከዚያ ላይ ትንሽ። እኔ ለራሴ ያበጀሁት ወሰን ቀላል ነው። ፎቶውን ካነሣሁ በኋላ ስልኩን ከገንዳው መስታወት ጎን አቁሜ በስክሪኑ ላይ ያለውንና ውኃው ውስጥ ያለውን በዓይኔ አስተያያለሁ። ስክሪኑ ከበለጠ ዝቅ አደርገዋለሁ፤ ካነሰ ከፍ አደርገዋለሁ፤ ከተመሳሰሉ እጄን አነሣለሁ። ያደረግሁትንም ከፎቶው ሥር እጽፋለሁ።

ይህን ወሰን ያበጀሁት አዋቂ ስለሆንሁ አይደለም። ከሁለት ዓመት በፊት ከአንድ ወዳጃችን አክሮፖራ የሚባል ባለቅርንጫፍ ኮራል ፍራግ በ120 ዶላር ገዛሁ። በፎቶው ላይ ወይን ጠጅ ግንድ፣ አረንጓዴ ፖሊፕ ነበር። ገንዳዬ ውስጥ ሲገባ አመድማ ቡናማ ሆነብኝ። ተቆጥቼ ደወልሁለት፤ እርሱም ሳይቆጣ መጥቼ ገንዳውን እንዳይ ጋበዘኝ። ሄድሁ። ፍራጉ የተቆረጠበት እናት ኮራል በእርሱ መብራት ሥር እንደ ፎቶው ወይን ጠጅ ነበር። ሰውየው አልዋሸም። ነገር ግን ነጩን መብራት ከዓመት በላይ አብርቶት እንደማያውቅ፣ ኮራሉን በሌላ ብርሃን አይቶት እንደማያውቅ የነገረኝ እዚያ ቆመን ሳለ ነበር። እኔ ደግሞ ገንዳዬን ወደ ነጭ ያደላ መብራት አበራለታለሁ። አንዲት ዓረፍተ ነገር፣ «ይህ በሰማያዊ ብቻ የተነሣ ነው» የምትል፣ የሁለታችንንም ድካም ታስቀር ነበር።

ከዚህ ሁሉ በኋላ እኔው ራሴ የባሰውን አደረግሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ ለሚኖር አንድ ወጣት ፍራግ ሳስተዋውቅ የላክሁለት ፎቶ ሦስት ዓመት ያደገውን እናት ኮራል የሚያሳይ ነበር፤ የሰጠሁት ግን ከተቆረጠ ሁለት ሳምንት ያልሞላውን፣ ቁስሉ ገና ያልተሸፈነ፣ የጥፍር ያህል ቁራጭ ነው። እህል በረንዳ ቢሆን ኖሮ ከላይ ማኛ ከሥር ሰርገኛ የሚባለው ዓይነት ሥራ ነበር። ልጁ ከሳምንት በኋላ ሲደውል አንድም የወቀሳ ቃል አልወጣውም። «ጋሼ፣ ምናልባት እኔ ጋ ሲመጣ ደንግጦ ይሆን? ቀለሙ እምቢ አለኝ» አለኝ። ጥፋቱን በራሱ ላይ ፈልጎ ነበር። 60 ዶላሩን መለስሁለት፤ ኮራሉንም እንዲያስቀረው ነገርሁት፤ ያ «ጋሼ» ያለኝ ግን እስካሁን ይከነክነኛል።

እንግዲህ ሻጭ ምን ማሳየት አለበት ከተባለ፣ ከሁሉ በፊት የሚሸጠውን ቁራጭ ራሱን። እናቲቱን ማሳየት የሚፈልግ ያሳይ፤ እናቲቱ መሆኗን ግን ይጻፍ። ቀጥሎ አንድ ፎቶ በዘወትሩ መብራት፣ አንድ ደግሞ በነጭ ይነሣ፤ ነጭ መብራት የሌለው ሰው ፍራጉን በብርጭቆ የገንዳ ውኃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ አድርጎ መስኮት አጠገብ ሊያነሣው ይችላል። መጠኑም ቢሆን በቀላሉ አይታመንም። ቶርች የምንለው ዩፊሊያ የተባለ ኮራል ፓምፑ ሲቆምለትና ዘና ሲል ሥጋው ተነፍቶ አፅሙን በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ሲነካ ግን ተሰብስቦ ወደ አፅሙ ይገባል። ስለዚህ ማስመሪያው የሚቀመጠው ከአፅሙና ከመቆሚያው ጎን ነው። የተቆረጠበትም ቀን ይጻፍ።

ማንም የማይለጥፈው፣ እኔ ግን ከሁሉ አስበልጬ የምጠይቀው ፎቶ የታችኛው ነው። አክሮፖራን የሚበላው ጠፍጣፋ ትል ከኮራሉ ጋር ስለሚመሳሰል ከላይ በተነሣ ፎቶ አይታይም፤ እንቁላሉን የሚጥለው ደግሞ ሥጋ በሌለው የግንዱ ሥር ላይ ነው። አይፕታሲያ የሚባለው፣ ገንዳ የሚወርር ትንሽ የባሕር እንስሳም ከመቆሚያው ሥር ተደብቆ ይመጣል፤ አንዴ ከገባ የማይወጣ እንግዳ ነው። አንድን ገንዳ በሙሉ ሊያበላሽ የሚችለው ነገር ያለው ካሜራው ባላየው ወገን መሆኑን የምናውቅ ሰዎች፣ ያን ወገን ገልብጦ ማሳየት ለምን እንደሚከብደን አይገባኝም።

ገዥዎችም ልብ ልንለው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ እጅግ ያማረ ኮራል ጤነኛ ላይሆን ይችላል። ሙቀት ወይም ብርሃን ሲበዛበት ኮራል በውስጡ ያሉትን አልጌዎች ያጣል፤ ቡናማው ቀለም ሲጠፋም አፅሙ በሥጋው ውስጥ ነጥቶ ይታያል። በእንግሊዝ የሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ጥናት እንዳሳዩት፣ አንዳንድ ኮራሎች በዚህ ጊዜ ራሳቸውን ከብርሃን ለመከላከል እነዚያኑ ባለቀለም ፕሮቲኖች አብዝተው ስለሚያመርቱ በመንጣት ፈንታ ይደምቃሉ። እንዲህ ያለ ኮራል በፎቶ ላይ ሮዝና ውኃ ሰማያዊ ሆኖ ዓይን ይማርካል፤ በእውነቱ ግን የተራበ ነው። ሻጩ በቅርቡ መብራት ቀይሮ፣ ወይም ማሞቂያው ተበላሽቶበት ከነበረ፣ ይህን ሳይናገር የሚልከው ፎቶ በቀለሙ ምንም ያህል ትክክል ቢሆን ትክክለኛ ነው አልልም።

ይህን ሐሳቤን ያካፈልኋቸው አንዳንዶች ገዥ ራሱ ይጠይቅ፣ አፍ አለው አይደለም ወይ ይሉኛል። ነባሩ ይጠይቃል፤ አዲሱ ግን ምን እንደሚጠየቅ ገና አያውቅም፤ ብዙውን ገንዘብ የሚያጣውም እርሱ ነው። በሌላ በኩል ሻጩን ከአቅሙ በላይ መጠየቅም ተገቢ አይደለም። ኮራል በአዲስ ገንዳ ውስጥ፣ በሌላ መብራትና በሌላ የውኃ ይዘት፣ ቀለሙን መለወጡ የተለመደ ነው፤ ከሦስት ወር በኋላ ቡናማ ሆነ ተብሎ ገንዘብ የሚመለስበት ምክንያት የለም። ሻጩ የሚጠየቀው በሰጠበት ዕለት ስለነበረው መልክ ብቻ ነው።

ነገሩ ከእኛ ኪስ አልፎም ይሄዳል። ድንጋያማ ኮራሎች በሙሉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ በሚቆጣጠረው፣ ሳይቲስ በተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ሁለተኛ አባሪ ውስጥ የተመዘገቡ ናቸው፤ ዋነኛዋ ላኪ ኢንዶኔዥያም እ.ኤ.አ. በ2018 ኮራል ወደ ውጭ መላክን አቁማ እንደነበር እናስታውሳለን። ያን ጊዜ ብዙ ገንዳዎች የተሞሉት እንደ እኛ ያሉ ሰዎች በየቤታቸው ቆርጠው ባሳደጓቸው ፍራጎች ነበር። ከሰው ቤት ገዝቶ ሁለትና ሦስት ጊዜ የተሸወደ ሰው ከባሕር የተነቀለውን ወደሚሸጥ ሱቅ ቢመለስ ልወቅሰው አልችልም፤ ሱቁ ቢያንስ ቆሞ በዓይን ለማየት ይፈቅድለታል።

በነጭ መብራት የተነሣ ፎቶ ገበያ ይቀንሳል የሚሉትም አልተሳሳቱም። ባለፈው ቅዳሜ አንድ የሞንቲፖራ ፍራግ ለመሸጥ አራት ፎቶ አንሥቼ ለወዳጆች ላክሁ፤ አንዱ በሰማያዊ፣ አንዱ በነጭ፣ አንዱ ከማስመሪያ ጋር፣ አንዱ ተገልብጦ። በነጩ ላይ ቡናማ ነው፤ ጠርዙ ላይ ብቻ ቀጭን አረንጓዴ መስመር አለው። 50 ዶላር ብዬ ነበር፤ ትናንት 35 አድርጌዋለሁ። ይህን ደብዳቤ እስከምጽፍ ድረስ የጠየቀኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም ያው የሲልቨር ስፕሪንጉ ልጅ ሲሆን፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጥቶ አይቶ እንደሚወስን ነግሮኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
ከአንባቢዎቻችሁ አንዱ
አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ