ቁልፉን ይዘሽው ሄደሽ ነበር

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። አባትሽም ሰላም ይልሻል።

ባለፈው ሐሙስ ሳልነግርሽ መጥቼ ነበር። አራተኛ ፎቅ ድረስ እያረፍኩ ወጥቼ ባንኳኳ፣ ሠራተኛሽ ከውስጥ ሆና «እማማ፣ ቁልፉን እትዬ ይዘውት ሄደዋል» አለችኝ። ትንሹ ጣቶቹን በበሩ ሥር አሹልኮ «አያቴ! አያቴ!» ይላል። ቁጢጥ ብዬ ጣቶቹን ዳበስ ዳበስ አደረግኋቸው። ከዚያ ያመጣሁትን ድፎ ጎረቤትሽ ጋ ትቼ ተመለስኩ። በስልክ ብነግርሽ «ሌባ ፈርቼ ነው፣ እማ» ብለሽ ወሬ ታስቀይሪኛለሽ። ስለዚህ ጻፍኩልሽ።

ሌባ መፍራትሽ አይገርመኝም። ልጅቷም አዲስ ናት፣ ልቧን ገና አላወቅሽውም። ግን እሳት ቢነሳ ምን ይሆናሉ? በሩ ብረት ነው። በረንዳውንም ልጆቹ እንዳይወድቁ ብለሽ ከላይ እስከ ታች በብረት አሳጥረሽዋል። ደግሞ ከተናገርኩ አይቀር፣ ቁልፍ የማታምኛትን ልጅ ሁለት ሕፃን እንዴት አምነሽ ሰጠሻት?

ታስታውሺው እንደሆነ እንጃ፣ ያኔ ስድስት ዓመትሽ ነበር። እንጀራ እየጋገርኩ መብራት ጠፋ። ይመጣል ብዬ ብጠብቅ ብጠብቅ አልመጣም። ሰፌዱን ምጣዱ ላይ ደፍቼ፣ ማሰሻውንም እዚያው ጥዬ ተኛሁ። ሶኬቱን አልነቀልኩም። ሌሊት ሁላችን ተኝተን ሳለ መብራቱ መጣ።

የቀሰቀሰኝ የአባትሽ ሳል ነው። አምፖሉን ብናበራውም ከጭሱ የተነሳ እጃችን አይታየንም። አባትሽ ማታ ማታ በሩን ቆልፎ ቁልፉን ኮቱ ኪስ ይከተዋል። ኮቱን የት እንደሰቀለው ጠፋበት። ግድግዳውን ሲዳብስ፣ ጥፍሩ ቀለሙን ሲፍቀው እሰማለሁ። እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ ያ ድምፅ። በሩ ተከፈተ ስል ደግሞ አንቺ አልጋሽ ላይ የለሽም። ፈርተሽ አልጋ ሥር ገብተሻል። በእግርሽ ጎትቼ ነው ያወጣሁሽ። ጎረቤቶች ቆጣሪውን ከውጭ ዘግተው እሳቱን በአፈር አፈኑት። የተቃጠለው ሰፌድ፣ ማሰሻና አንድ መጋረጃ ነው። ከዚያ ወዲህ ቁልፋችን በሩ አጠገብ ሚስማር ላይ ነው የሚውለው፣ የሚያድረው። «እማ ታካብጃለሽ» ትይኝ ነበር።

አሁን አንቺም ሁለት ቁልፍ አስቀርጪ። አንዱን ለልጅቷ ስጫት። ሌላው ትልቋ ልጅሽ የምትደርስበት ሚስማር ላይ ይሁን። ራሷ ከፍታ ታሳይሽ፤ የሚጠጥር ቁልፍ ከሆነ አስጠግኚው። የበረንዳውንም ብረት በያጅ ጠርተሽ አንዱ ክፍል በማጠፊያ እንዲከፈት አስደርጊው፤ በመሰላል የሚመጣ ሰው እንዲያወጣቸው።

አንድ ማታ መብራት አጥፍታችሁ ተለማመዱ። ጭስ ወደ ላይ ነው የሚወጣው፣ የተሻለው አየር ያለው ወለሉ አጠገብ ነው። ከአልጋቸው እስከ በሩ እየዳሁ ይሂዱ። ትንሹ ጨዋታ ይመስለዋል፣ ይምሰለው። አልጋ ሥር መደበቅ ግን የለም በያቸው። ወጥተው የሚገናኙት ከብሎኩ ፊት ለፊት ያለው ሱቅ ጋ ይሁን። አንዴ ከወጡ ለስልክም ለአሻንጉሊትም መመለስ የለም። መውጫው በጭስ ከታፈነ የክፍሉን በር ዘግተው፣ ሥሩን በእርጥብ ፎጣ ደፍነው፣ በረንዳ ላይ ሆነው ይጩኹ።

የአዲስ አበባ እሳት አደጋ ስልክ 939 ነው። ልጅቷ በቃሏ ትያዘው። የሳይቱን ስም፣ የብሎክና የቤት ቁጥሩንም ትወቅ። ጥቅምት 2017 መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል መኪኖቹ በጠባቡ መንገድ መግባት እንደተቸገሩ ሰምተሻል። እናንተ ግቢም መኪና ተደራርቦ ነው የሚቆመው። ደረጃችሁማ አይወራ! ጀሪካን፣ የተጠቀለለ ፍራሽ፣ ባለቤቱ ያልታወቀ ብስክሌት። ስብሰባ ላይ አንሺው እንጂ።

ባለፈው ወር ኩሽናሽንም አይቼ ዝም ብያለሁ። ምጣዱን ከፍሪጁ ጋር አንድ ማከፋፈያ ላይ ሰክተሽዋል። ምጣድ እኮ ብቻውን ከ3,000 ዋት በላይ ይስባል። ማከፋፈያው ይግላል፣ ከዚያ ይቀልጣል። ለብቻው ሶኬት ይሁንለት። ብሬከሩ ቶሎ ቶሎ ወደቀ ብለሽም በትልቅ እንዳታስቀይሪው። እሱ ሲወድቅ ሽቦው ከአቅሙ በላይ ተጭኖበታል ማለት ነው፤ ትልቁ ዝም ይላል፣ ሽቦው ይነዳል። መጥበሻ ላይ ዘይት ከተያያዘ ውኃ አይደፋበትም፣ ክዳን ነው። ቡታጋዝ ከሸተተሽ አምፖል ማብራትም ማጥፋትም የለም፤ ሲሊንደሩን ዘግተሽ በርና መስኮት ክፈቺ። ሰው ከተቃጠለ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውኃ 20 ደቂቃ ይፍሰስበት። የጥርስ ሳሙና አይቀባም። ቅቤም እንደዚሁ፤ ይህን እኔም ስሠራው ኖሬያለሁ።

ቅዳሜ እመጣለሁ። ሥራ ከሆንሽ አትቅሪ፣ ግድ የለም። አንኳኳለሁ፤ ከውስጥ የሚከፍትልኝ ካገኘሁ ቡና አፍልተን እንጠብቅሻለን። ድፎውን ከጎረቤትሽ ተቀበያት፣ ሳይደርቅ።

እናትሽ