ቤታቸው ስለተቃጠለባቸው የቀበሌ ቤት ነዋሪዎች፦ ለአዲስ አበባ ቤቶች ልማትና አስተዳደር ቢሮ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎች፣

በአዲስ አበባ ባለ አንድ ነባር ሰፈር የዕድር ጸሐፊ ነኝ። የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ጉዳይ ነው፦ የቀበሌ ቤት ሲቃጠል ምትክ ቤት የሚገባው ማን ነው? መልሱ «በውሉ ላይ ስሙ የሰፈረ» ብቻ ከሆነ፣ ሜዳ ላይ የወደቀው ሰው ብዙው ሳይቆጠር ይቀራል።

ትርፍ ቤቶችን ወደ መንግሥት ያዞረው አዋጅ ቁጥር 47 የወጣው በ1967 ዓ.ም ነው። ኪራያቸው አነስተኛ የሆኑት ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። ያኔ ውል ከፈረሙት ብዙዎቹ አርጅተዋል፣ አርፈዋልም። በዚያች ክፍል ልጅ አግብቶ ወልዷል፤ ቆጥ ተሠርቶ የእህት ልጅ ተጠግቷል፤ ጓዳው ለደባል ተሰጥቷል፤ ከጓሮ በቆርቆሮ የተቀጠለችው ደግሞ ለቀን ሠራተኛ ተከራይታለች። ግድግዳው ጭቃና እንጨት፣ ኮርኒሱ ማዳበሪያ ነው። ሦስት አራት አባወራ ከአንድ ቆጣሪ መብራት ይሳሳባል፤ ከሰሉም ምጣዱም እዚያው ነው። እሳት ከተነሣ አንድ ቤት በልቶ አይቆምም፤ የእሳት አደጋ መኪናውም ጉሮኖ በመሰለው መተላለፊያ አይገባም። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም መርካቶ ሸማ ተራ ሲነድ የመንገድ ጥበት ምን እንደሚያስከትል ከተማው ሁሉ አይቷል።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰው አይጠፋም። ዕድራችን ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት ብርድ ልብስና ምግብ ያመጣል፣ ልጆቹ በየዘመዱ ቤት ይበተናሉ። ችግሩ የሚጀምረው ድንኳኑ ሲነሣ ነው። ማስረጃ ሲጠየቅ ውሉም፣ የኪራይ ደረሰኙም፣ መታወቂያውም ከቤቱ ጋር ነድዷል። ደባሏማ ቀድሞውንም ወረቀት አልነበራትም። አሥር ዓመት የኖረችበት ጓዳ በየትኛውም መዝገብ የለም። «እዚህ እኖር ነበር» ብትል አከራይዋን ደንብ በመተላለፍ እንዳታስጠይቅ ትፈራለች፤ ስለዚህ ዝም ብላ ትሄዳለች። እኔን እጅግ የሚያንገበግበኝ ይህ ዝምታ ነው።

ሰኔ 7 ቀን 2009 ዓ.ም ለንደን ውስጥ ግሬንፌል የተባለው ባለ 24 ፎቅ የማኅበራዊ መኖሪያ ሕንፃ ተቃጥሎ 72 ሰው ሞተ። ከነዋሪዎቹ መካከል ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያንም ነበሩ። እዚያም በሰው ስም ከተያዘ ቤት ተጠግተው የሚኖሩ፣ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸው ሰዎች ለመቅረብ ፈርተው ነበር። የአገሪቱ መንግሥት ግን ወጥተው ለሚመዘገቡ ጊዜያዊ ፈቃድ ሰጠ። ይህንን መውሰድ ይገባናል። ቀሪውን ግን ባንደግመው ይሻላል፦ በሦስት ሳምንት ውስጥ ማረፊያ ይሰጣችኋል የተባሉ ሰዎች፣ ብዙዎቹ ዓመት ሞልቷቸውም ቋሚ ቤት አልገቡም ነበር። በሀብታም አገር ይህ ከሆነ፣ እኛ አስቀድመን ካልተዘጋጀን ምን ልንሆን ነው?

ስለዚህ የምጠይቃችሁ፣ አደጋ ሳይደርስ የሚወጣ ግልጽ መመሪያ ነው። በአደጋው ማግስት የወረዳው ሠራተኛ ቦታው ድረስ መጥቶ፣ ውል ያለውንም የሌለውንም፣ በዚያ ሌሊት እዚያ ያደረውን ሁሉ ይመዝግብ። ያን ቀን ስሙን የሰጠ ደባል በዚያ ምክንያት እንደማይጠየቅ፣ አከራዩም ምትክ ቤት እንደማይነፈግ ይጻፍ። ማንነት የፋይዳ መታወቂያ ላለው በጣት አሻራ ይረጋገጣል። ማን በየትኛው በር ይኖር እንደነበር ደግሞ የዕድር መዝገብና ሦስት ጎረቤት ይመስክሩ። ማን እንደታመመ፣ ማን እንደወለደች፣ የማን ጓዳ ለማን እንደተከራየ ከሰፈሩ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ቦታውንም አስቡበት። መርካቶ ጉልት ተቀምጣ የምትተዳደር እናት ከከተማው ዳር ቱሉ ዲምቱ ቤት ቢሰጣት ቤት አገኘች እንጂ እንጀራዋን አጣች። ልጅዋ ትምህርት ቤት ይቀይራል፤ ዕድሯም ይርቃታል። በዚያው ክፍለ ከተማ ባዶ የሆነ የመንግሥት ቤት ካለ በቅድሚያ ለእሳት ተጎጂ ይያዝ። ሩቅ መላክ ግድ ከሆነም ጊዜያዊ መሆኑና የሚያበቃበት ቀን በጽሑፍ ይሰጣት። በ1997 ወይም በ2005 ለኮንዶሚኒየም ተመዝግቦ ሲቆጥብ የኖረ ሰውም፣ በቃጠሎ ምክንያት ጊዜያዊ ቤት በመግባቱ ከተራው አይውጣ።

የሰፈራችንን መዝገብ ይዤ፣ ከዕድሩ ዳኛ ጋር ቢሯችሁ ለመቅረብ ዝግጁ ነኝ። መመሪያው ሲረቀቅ የዕድር ተወካዮችን ጥሩ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የዕድር ጸሐፊ፣ አዲስ አበባ

ግልባጭ፦ ለአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን