ደብዳቤ ለልጄ፦ በሩን አደራ

ጀሞ፣ ነሐሴ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ የእናትሽ ጉልበትም በዚህ ክረምት ከአምናው ተሽሏታል። በስልክ ልነግርሽ የማልችለው ነገር ስላለ ቁጭ ብዬ ልጽፍልሽ ወደድኩ።

ትናንት ማታ አክስትሽ ደውላ፣ ከመሥሪያ ቤትሽ አጠገብ ባለው ሥጋ ቤት ደጃፍ ስትንከራተት የነበረችውን ውሻ ወደ ተከራየሽው ቤት ማስገባትሽን፣ ውሻዋም ሁለት ቀን ሙሉ ከአልጋሽ ሥር አልወጣም ማለቷን፣ ልትጎትቻት ስትሞክሪ ደግሞ እጅሽን መጫሯን ነገረችኝ። የደወለችው «ምከራትና ታስወጣት» ለማለት ነበር። እኔ ግን አስወጪያት አልልሽም። አንዴ ያስገቡትን እንስሳ ማስወጣት ምን እንደሚያስከትል ዐውቀዋለሁ።

አስቀድሜ ስለ እጅሽ ልናገር። ጥርሷ ነክቶሽ ከሆነ፣ ወይም በጥፍሯም ቢሆን ቆዳሽ ከተጫረ፣ ባይደማም እንኳ፣ ይህን ደብዳቤ አጥፈሽ አስቀምጪና አሁኑኑ ወደ ሆስፒታል ሂጂ። ቁስልን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ የመጀመሪያው ሕክምና ነው፤ ቀናት ቢያልፉም ደግሞ ክትባቱን ከመጀመር ወደ ኋላ አይባልም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ ከዚያ በፊት ግን ክትባቱ ያድናል። ጸበሉንም ጠጪ፣ ክትባቱን ግን አትተዪ። አጎትሽ በልጅነቱ ተነክሶ ለክትባቱ ፓስተር ኢንስቲትዩት ሲመላለስ፣ በየቀኑ ሆዱ ላይ ሲወጋ እጁን ይዤው የምቆመው እኔ ነበርኩ። ዛሬ ያለው ክትባት ክንድ ላይ የሚሰጥ፣ ቁጥሩም ጥቂት ስለሆነ ሥራ በዛብኝ የሚል ምክንያት አልቀበልሽም። ውሻዋንም 10 ቀን ሙሉ በዓይንሽ ተከታተያት፤ ጠባይዋ ከተለወጠ ወይም ከታመመች ለሐኪሙ ወዲያውኑ ንገሪው።

ቀጥሎ የማሳስብሽ ስለ በሩ ነው። ልጄ፣ በሩን አደራ። አዲስ ቤት የገባ ውሻ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቤቱ የራሱ መሆኑን አያውቅም፤ በር ክፍት ሲያገኝ እግሩ የሚመራው ድሮ ወደለመደው ስፍራ ነው። ይህን ከማንም አልሰማሁትም፤ ከድሮው ውሻችን ከመቻል ነው የተማርኩት።

መቻልን ታስታውሺዋለሽ። ስሙን ያወጡለት አያትሽ ነበሩ፤ በዚያ ዘመን ከጎረቤት ጋር በቦይ ምክንያት ተቀያይመው ስለነበር፣ ውሻውን ሲጠሩ ስሙ አጥር ተሻግሮ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጉ ነበር። በ2003 ዓ.ም. ሰኔ ላይ የአራት ኪሎው ቤታችን ሲፈርስ አንቺ የ8 ዓመት ልጅ ነበርሽ። ጀሞ የደረሰን ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ፣ ውሻ ፎቅ ላይ አይኖርም ብዬ ማንንም ሳላማክር ወሰንኩ። ከዕቃው ጋር አይሱዙ ላይ ጭኜ ኮተቤ ወዳለው የጓደኛዬ ግቢ ወሰድኩት። በዚያው ምሽት የግቢው በር ለመኪና ሲከፈት መቻል ወጥቶ ሄደ።

በአራተኛው ቀን የቀረኝን ቆርቆሮ ለመሰብሰብ አራት ኪሎ ስሄድ አገኘሁት። ቤቱ የለም፣ ግድግዳው የለም፤ የቀረው የበራችን መረገጫ ድንጋይ ብቻ ነበር፤ እሱም በድንጋዩ ላይ፣ ፊቱን በሩ ወደነበረበት አዙሮ፣ ዝናብ እየመታው ተኝቷል። ሲያየኝ አልተነሣም፤ ጭራውን ሁለት ጊዜ ጭቃው ላይ መታ። በእጄ የነበረውን ግማሽ ዳቦ ሰጠሁት። ቆርቆሮውን የጫነልኝ ሰው ይጣደፍ ስለነበር፣ «ነገ መጥቼ እወስድሃለሁ» ብዬው ሄድኩ። የተመለስኩት ግን በሦስተኛው ቀን ነው። ድንጋዩ ባዶ ነበር። ብረት የሚለቅሙ ልጆች፣ በዚያ ሰሞን ባለቤት የሌላቸው ውሾች በተመረዘ ሥጋ እንዲወገዱ መደረጉን ነገሩኝ። ባለቤት የሌላቸው! መቻል ባለቤት ነበረው።

ለአንቺ ኮተቤ ተመችቶት ይኖራል ብዬ ነገርኩሽ። እሑድ እሑድ ከምሳ የተረፈውን አጥንት በፌስታል ቋጥረሽ «አባዬ፣ ለመቻል ስጥልኝ» ትዪኝ ነበር፤ እኔም ይዤው ወጥቼ ታክሲ ተራው አጠገብ ካለው የቆሻሻ ገንዳ እጥለው ነበር። ስመለስ «በላልህ?» ብለሽ ስትጠይቂኝ፣ «በላ፤ ወፍሯል» እልሽ ነበር። ይህ እስከ ጥምቀት ድረስ ቆየ። ያን ጊዜ የሣልሽልኝን የመቻልን ሥዕል ከቤቱ ካርታ ጋር አንድ ፖስታ ውስጥ አኑሬዋለሁ፤ እስከ ዛሬ አውጥቼ ልመለከተው አልደፈርኩም። እናትሽ ሁሉንም ታውቃለች፤ ዝም ያለችው እኔ ስለለመንኳት ስለሆነ እሷን እንዳትቀየሚያት። እኔን ብትቀየሚኝ አልፈርድብሽም። ይቅር በዪኝ፣ ልጄ።

አሁን ወደ አንቺ ውሻ ልመለስ። ከአልጋው ሥር አትጎትቻት። እጅሽን የጫረችው ስለጠላችሽ አይደለም፤ መሸሻ ስላጣች ነው። የጎረቤታችን ልጅ፣ ቢሾፍቱ የተማረው የእንስሳት ሐኪም፣ እንዲህ ያሉ ውሾች የመጀመሪያዎቹን 3 ቀናት በፍርሃት እንደሚያሳልፉ፣ የቤቱን ሥርዓት ለመልመድ 3 ሳምንት ያህል፣ ቤቱን የራሳቸው አድርገው እስኪቀበሉ ደግሞ 3 ወር ያህል እንደሚፈጅባቸው፣ አንዳንዶቹም ከዚያ እንደሚዘገዩ ነግሮኛል። ስለዚህ አትቸኩዪ። ውሃና ምግቧን ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ አስቀምጪላትና ራቅ ብለሽ ወለሉ ላይ ተቀመጪ፤ ዓይኗን ትኩር ብለሽ አትመልከቻት፤ መጽሐፍሽን አንብቢ። ስትፈልግ ራሷ ትመጣለች። ማንም እንግዳ፣ አክስትሽም ብትሆን፣ ለጊዜው አይነካካት። የደብረ ብርሃን ብርድ አጥንት ስለሚሰብር አሮጌውን ጋቢሽን አንጥፊላት፤ ሌላ ጋቢ እናትሽ ትልክልሻለች።

የምግቡን ነገር በተለይ አስተውዪ። እኛ ቤት እንጀራ በወጥ ለውሾቻችን ስንሰጥ ኖረናል፤ ሽንኩርት፣ ነጩም ሆነ ቀዩ፣ የውሻን ደም እንደሚጎዳ ያወቅሁት በስተርጅና ነው። ያለ ሽንኩርትና ያለ በርበሬ የተቀቀለ ሩዝ በጥቂት ሥጋ ይበቃታል። የበሰለ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ስለሚወጋ አትስጫት፤ ቸኮላትም አትቅመስ። በበዓል ቀን የታረደ በግ ጥሬ ሳንባና ጉበት ለውሻ መወርወር ልማዳችን ቢሆንም፣ በውስጡ ያለው የውሃ ቋጠሮ በውሻው ሆድ ትል ሆኖ ተመልሶ ወደ ሰው ስለሚሸጋገር ፈጽሞ እንዳታደርጊው። 10 ቀኑ በሰላም ካለፈ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ወስደሽ የእብድ ውሻ ክትባት አስከትቢያት፣ የትል መድኃኒትም ይስጧት፤ ክትባቱ በየዓመቱ እንደሚደገም አትርሺ። እርጉዝ መሆን አለመሆኗንም ይዩልሽ፤ የውሻ እርግዝና 9 ሳምንት ብቻ ስለሆነ ሳታስቢው ስድስት ቡችላ ታቅፈሽ ልትቀሪ ትችያለሽ። ጊዜው ሲፈቅድ ማምከኑ ለእሷም ለሰፈሩም ይበጃል።

አከራይሽን አስፈቅደሻል? ካላስፈቀድሽ ዛሬውኑ አነጋግሪያቸው። ደብቀሽ ያኖርሻት እንደሆነ አንድ ቀን አንቺ ሥራ ላይ ሳለሽ በሩ ይከፈታል።

በሩን ያነሣሁት ደግሞ ቡሄ ስለደረሰ ጭምር ነው። ከነገ ወዲያ ልጆቹ ጅራፍ ማጮህ ይበረታሉ፤ ለሰው ደስ የሚለው ድምፅ ለእሷ የጥይት ያህል ነው። ማክሰኞ ማታ ሆያ ሆዬ የሚጨፍሩት ልጆች መጥተው የግቢውን በር ሲያንኳኩ፣ አንቺም ሙልሙሉን ይዘሽ በደስታ ስትወጪ፣ የቤቱን በር ገርበብ አድርገሽ እንዳትተዪው። መጀመሪያ የቤቱን በር ዝጊ፤ መዘጋቱን በእጅሽ ገፍተሽ አረጋግጪ፤ ከዚያ በኋላ የግቢውን ክፈቺ። ሁለቱ በሮች በአንድ ጊዜ አይከፈቱ። ለዕንቁጣጣሽም ርችት ስለሚተኮስ በዚያ ሌሊት ብቻዋን አትተያት፤ መስኮቱን ጋርጂ፣ ሬዲዮ ክፈቺላት፣ አጠገቧ እደሪ።

በአንገት ቀበቶ ብቻ ይዘሻት አትውጪ፤ የደነገጠ ውሻ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ራሱን ከቀበቶው ያወጣል። በደረትና በትከሻ የሚታሰር ማሰሪያ ፒያሳ ፈልጌ ገዝቻለሁ። ልኳን ስላላወቅሁ የሚጠብቅና የሚላላ መርጫለሁ፤ በማሰሪያውና በአካሏ መካከል ሁለት ጣት እንዲገባ አድርጊ። ከጋቢው ጋር ነገ ጠዋት በሚነሣው መኪና እልከዋለሁና ከሰዓት በኋላ መናኸሪያ ሄደሽ ተቀበዪ። ስትሄጂ በሩን ዘግተሽ ሂጂ።

የሐኪሙን መልስ ሳትውዪ ሳታድሪ አሳውቂኝ። ስም አውጥተሽላት እንደሆነም ንገሪኝ፤ አክስትሽን ብጠይቃት አላውቅም አለችኝ።

አባትሽ