የጓዳውም በር ይከፈት

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፦

ደሴ ውስጥ የተማሪዎች ሙዚቃ ክበብ የማስተባብር መምህር ነኝ። ልጆቹ ሙዚየም ሲገቡ በመስታወት ውስጥ የተደረደረውን አይተው ያዛጋሉ፤ አልፈርድባቸውም። ዘንድሮ ግን አንድ ሙዚየም የሙዚቃ መሣሪያ መጠገኛ ክፍሉን አስጎበኘን። ባለሙያው ከበግ አንጀት የተሠሩትን 10 የበገና አውታሮች አንድ በአንድ ወጠረ። ከዚያ በአውታሩና አውታሮቹ በሚያርፉበት በበርኩማው መካከል ያለችውን ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራዋን፣ በጣቱ ገፋ ቢያደርጋት ደረቁ ድምፅ ወዲያው መንዘር ጀመረ። ያን ጊዜ ያዛጋ አልነበረም! ባቲና አምባሰል የቅኝት ስም በሆኑበት ወሎ የሚያድግ ልጅ የማሲንቆን የፈረስ ጭራ ሳይነካ ትምህርቱን መጨረሱ ያስቆጫል። ስለዚህ ሙዚየሞች በወር አንድ ቀን እንኳ ጓዳቸውን ለተማሪ ይክፈቱ። የመጓጓዣውን ወጪ ከወላጆች ጋር እንወጣዋለን፤ ልጆቹ የሚነካኩት አንድ አሮጌ ክራር ብቻ ይመደብልን።

የክበቡ አስተባባሪ፣ ከደሴ