የጆሶን ነገሥታት ሲወሱ ጸሐፊዎቻቸውም ይወሱ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ኮሪያው የጆሶን ሥርወ መንግሥት ታላላቅ ሰዎች ያስነበባችሁንን ጽሑፍ በደስታ ተከታትያለሁ። እ.ኤ.አ. በ1392 ሥርወ መንግሥቱን የመሠረተው ዪ ሶንግጌ፣ የኮሪያን ፊደል ያስገኘው ታላቁ ሴጆንግና የባሕር ኃይል አዛዡ ዪ ሱንሺን በሚገባቸው ክብር ተወስተዋል። ሆኖም ስለ ነገሥታቱ የምናውቀውን አብዛኛውን ነገር ያቆዩልን የቤተ መንግሥት ታሪክ ጸሐፊዎች አንድም ቦታ አለመጠቀሳቸው ቅር አሰኝቶኛል።

እነዚህ ጸሐፊዎች ማዕረጋቸው ዝቅተኛ ቢሆንም ንጉሡ ከሹማምንቱ ጋር በሚመክርበት ሸንጎ ተገኝተው የተባለውንና የተደረገውን ይመዘግቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1404 ንጉሥ ቴጆንግ ቀስቱን ይዞ አጋዘን ሲያሳድድ ከነፈረሱ ወደቀ። ጉዳት አልደረሰበትም፤ ተነሥቶ ግራ ቀኙን ከቃኘ በኋላ ግን ነገሩ ለጸሐፊው እንዳይነገር አዘዘ። ጸሐፊው መውደቁንም፣ እንዳይነገር መታዘዙንም አንድ ላይ ጻፈው። ቴጆንግ በሥልጣን ሽኩቻ የአባቱን ልጆች ሳይቀር ያስገደለ ሰው መሆኑን ለሚያስታውስ፣ ያ ጽሑፍ ምን ያህል ድፍረት እንደጠየቀ መገመት አይቸግርም።

ልጁ ሴጆንግ እ.ኤ.አ. በ1431 የአባቱ ዜና መዋዕል ተጽፎ ሲያልቅ ሊያነበው ፈልጎ ነበር። ሜንግ ሳሶንግና ሌሎች ሹማምንት ግን ንጉሡ አንድ ጊዜ ካየው ተከታዮቹም እያዩ ማስለወጥ እንደሚያምራቸው፣ ጸሐፊዎቹም ፈርተው እውነቱን መጻፍ እንደሚተዉ አስረድተው ከለከሉት፤ እርሱም ቃላቸውን ተቀበለ። እኔ የዚህን ንጉሥ ታላቅነት ከፊደሉ ባልተናነሰ በዚህ እሺታው አየዋለሁ። ሁሉም ግን እንደ እርሱ አልነበሩም፤ እ.ኤ.አ. በ1498 ዮንሳንጉን በጸሐፊው ኪም ኢልሶን ረቂቅ ሰበብ እርሱንና ሌሎች ምሁራንን አስገድሏል።

ዜና መዋዕሉ የሚዘጋጀው ንጉሡ ከሞተ በኋላ ሲሆን፣ ሥራው ሲያበቃ ማን ምን እንደጻፈ ታውቆ ቂም እንዳይያዝበት ረቂቆቹ በወንዝ ውሃ ይታጠቡ፣ ወረቀቱም ተመልሶ ለሥራ ይውል ነበር። የተጠናቀቀው መጽሐፍ ቅጂዎች በአራት ቦታዎች ይቀመጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1592 ጃፓን ኮሪያን ስትወር ሦስቱ ጠፍተው የጆንጁው ብቻ ተረፈ፤ እርሱም የተረፈው አን ዪ እና ሶን ሆንግሮክ የተባሉ ሁለት የአገሬው ምሁራን ወደ ኔጃንግ ተራራ አሽሽተው፣ ተራ እየገቡ ስለጠበቁት ነው። እነርሱ ባይኖሩ ኖሮ የሴጆንግ ዘመን ዜና መዋዕል ዛሬ በእጃችን ባልኖረ ነበር። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1997 በዓለም የመዛግብት ቅርስነት የመዘገበው ይህ ሥራ የ25 ነገሥታትን፣ የ472 ዓመታትን ታሪክ ይዟል።

ስለዚህ ዓምዱ ወደ ጆሶን በሚመለስበት ጊዜ ለኪም ኢልሶን እና ለሁለቱ የጆንጁ ቅጂ ጠባቂዎች በቂ ቦታ እንዲሰጥ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ