መፈተሻውንስ ማን ፈተሸው?

ይድረስ ለጋዜጣችሁ ዝግጅት ክፍል፤

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ደሴ ፒያሳ አካባቢ የሶላር መቆጣጠሪያና ኢንቨርተር እጠግናለሁ። የምጽፈው እዚሁ እኛ ሱቅ ስለተሠራ ስህተት ነው፤ ሌላ ጥገና ቤት እንዳይደገም ብዬ።

ሱቃችን ውስጥ ራሳችን የሠራነው መፈተሻ አለ። ስፕሪንግ ያላቸው ፒኖች ሰሌዳ ላይ ተተክለዋል፤ የሚፈተሸውን ቦርድ (የመሣሪያውን የውስጥ ሰርኪዩት) ከላይ ስንጭነው ፒኖቹ ይነኩታል፣ ባትሪና ሎድ (ኃይል የሚወስድ ዕቃ) ያገኛል፣ ከዚያ አረንጓዴ ከበራ ደህና ነው፣ ቀይ ከበራ ተበላሽቷል እንላለን። ባለፈው ክረምት አንድ አባት ከሐይቅ መቆጣጠሪያ ይዘው መጡ። ቀይ በራ። ደግመን ጫንነው፣ ያው ቀይ። «አባባ፣ ይሄ አብቅቶለታል» አልናቸው። አምነውን አሮጌውን እኛው ጋ ትተው፣ አዲስ ገዝተው ሄዱ። በሳምንቱ ከካርቶን ያወጣነው አዲስ ቦርድም ቀይ ሲያበራ ነው የደነገጥነው።

ጥፋቱ የአንዲት ፒን ነበር። የሶልደር ፓስታ (ለብየዳ የምንቀባው ቅባት) ጋግሮባታል፣ ስፕሪንጓም ደክሟል፣ የክረምቱ እርጥበትም አላገዛትም (የጦሳ ተራራ ጉም ሱቅ ድረስ እንደሚገባ ደሴ የኖረ ያውቃል)። ሎድ ሳይኖር በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያችን) ስንለካው 12.6 ቮልት ያነባል፣ ሰላም ይመስላል። ግን መነካኪያዋ ላይ 0.6 ኦም ሬዚስታንስ (ለኤሌክትሪክ መተላለፍ እንቅፋት) ተፈጥሮ ነበርና 2 አምፔር ሲያልፍ 1.2 ቮልት እዚያው ይቀራል፤ መፈተሻው 11.4 ያነብና ቦርዱን ይወነጅላል። የአባባ ቦርድ ምንም አልሆነም ነበር። ደውለን ጠራናቸው፣ ይቅርታ ጠየቅን፣ የአዲሱን ዋጋም መለስን። አሁንም ሳስበው ያመኛል።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ሥራ ሳንጀምር ሁለት ቦርድ እንጭናለን። አንዱ ደህና መሆኑን የምናውቀው፣ ሌላው ሆን ብለን ያበላሸነው። ብዙ ሰው ደህናውን ብቻ ያስቀምጣል፤ ይሄ አይበቃም! ሽቦ የሆነ ቦታ ተነካክቶ መፈተሻው ሁልጊዜ አረንጓዴ የሚያበራ ቢሆን፣ ያንን የሚያጋልጠው የተበላሸው ቦርድ ነው። አልፎ አልፎም አንዱን ቦርድ 10 ጊዜ እያነሳን እንጭነዋለን፣ አንዴ እኔ አንዴ ተማሪዬ፤ ውጤቱ ከተለዋወጠ ቦርዱን ሳይሆን መፈተሻውን እንከፍታለን። የቴስተሩንም ጫፎች አነካክተን እናያለን። ከ0.5 ኦም ካለፈ ወይም ቁጥሩ ከዘለለ ገመዱ ይቀየራል።

የቴክኒክና ሙያ መምህራን ይሄን ከመጀመሪያው ሳምንት ቢያስተምሩልን ደስ ይለኛል፤ እኔ ያወቅሁት በሰው ገንዘብ ነው። ደንበኞችም «ቦርድህ ሞቷል» ስትባሉ «እስቲ ደህና ቦርድ ጭነህ አሳየኝ» በሉ። እኛ ጋ ሁለቱም ቦርዶች ጠረጴዛው ላይ ናቸው፣ ለጠየቀ ሁሉ እናሳያለን።

የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ፣ ከደሴ